ሳትቆጠር ያለፈችው ጉብታ

ሜቲ ትንሿን ብልቃጥ በሁለት መዳፏ መካከል አድርጋ ታሽከረክራለች። ውስጡ ያለው ቅቤ በእጇ ሙቀት ቀልጦ ጠርቷል። ጠብታ ያህል ወስዳ ወደ ሌላ ብልቃጥ ጨመረች፤ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ፈሳሽ አከለችበት፤ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ተጭና ነቀነቀችና አስቀመጠችው። ፈሳሹ ቀስ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ የሰፈፈውን፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራውን፣ በቀጭን መርፌ ሳበችው። እኔ በቤተ ሙከራው በር አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጬ የነጠላዬን ጥለት እጠመዝዛለሁ። ቅቤውን ከጉቴ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

"አኮ፣ ሲናጥ በዓይንሽ አይተሻል?" አለችኝ ሳትዞር። አያቷ ነኝ፤ በእናቷ ቋንቋ ነው የምትጠራኝ።

"ወተቱ እስኪጠራቀም አክስትሽ ቤት ነው የሰነበትኩት። ሲናጥም፣ ሲታጠብም፣ ኮባ ሲጠቀለልበትም ከአጠገቡ አልተነሳሁም። አክስትሽ እንኳ 'እማማ፣ ሌባ መሰልኩዎት እንዴ?' ብላ ተቀይማኛለች።"

ሜቲ ሳቀች። መርፌዋን በማሽኑ አናት ላይ ሰካችና ጨመቀች።

ማሽኑን ጂሲ ይሉታል። ሆዱ ውስጥ እንደ ጥልፍ ክር የቀጠነ ረጅም ቱቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መርፌው የተፋውን፣ ጋዝ እየነዳ ይወስደዋል፤ ሆዱም በታዘዘው ሰዓት ቀስ በቀስ ይሞቃል። ቀላሉ ነገር ቀድሞ ይወጣል፤ ከባዱ ሙቀቱ እስኪበረታ ይቆያል። መውጫው ላይ ትንሽ እሳት አለች። የደረሰባትን ሁሉ ስታቃጥል ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው መስመር ይነሳና ይወርዳል፤ ጉብታ ይሠራል። እያንዳንዱ ጉብታ የምን እንደሆነ የሚታወቀው በደረሰበት ደቂቃ ነው። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ ሜቲ ናት፤ ባይገባኝ አላስቀምጣትም ነበር።

ተቀምጠን ጠበቅን። መጨረሻ ላይ ከማተሚያው ወረቀት ወጣ። ሜቲ አነበበችው።

"ምን ይላል?"

"ቅቤ አይደለም ይላል።"

"ምን?"

"የላም ቅቤ ምልክት አልተገኘበትም ይላል፣ አኮ። በዓይንሽ ያየሽው ቅቤ ቅቤ አይደለም።"

ከወንበሬ ተነሳሁ። አክስቷን፣ ላሚቱን፣ ራሴንም ጭምር ልረግም አፌን ስከፍት ሜቲ እጇን አነሳችና ዝም አሰኘችኝ። ወረቀቱን ጥላ ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ አለች። መስመሩን ከመጀመሪያው እየጎተተች አሰፋችው፤ እንደገናም አሰፋችው። ያኔ እኔም አየሁት። ከሁሉ ቀድሞ እንደ ተራራ የቆመ ትልቅ ጉብታ አለ፤ እሱ ቅቤው የተሟሟበት ፈሳሽ ነው። ከእሱ እግር ሥር አንዲት ቀጭን ጉብታ ለብቻዋ ቆማለች። ቆጠራው የሚጀምርበት ምልክት የተሰመረው ግን ከእሷ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ቅቤው የሚሟሟበትን ፈሳሽ እንዳይቆጥር "እስከዚህ ደቂቃ ዓይንህን ጨፍን" ተብሎ ይታዘዛል። ዓይኑን የሚገልጥበት ደቂቃ ለምግብ ዘይት ተብሎ የተቀመጠ ነበር። ዘይት ቀድሞ የሚወጣ ነገር ስለሌለው ቢዘገዩበት አይጎዳም። የቅቤ መታወቂያ ግን ያቺ ቀጭን ጉብታ ናት። ቅቤ አስመስለው በሚቀላቅሉት የፓልም ዘይት ውስጥ የለችም፤ ላም ካልሰጠቻት አትገኝም። ማሽኑ ዓይኑን ሲገልጥ እሷ አልፋ ሄዳለች።

ሜቲ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ጉብታዋ ጫፍ ላይ አሳረፈች።

"እማዬን እዚህ ጋ ነው የጣሏት" አለች።

እናቷ ሎሚ የልጄ የሠርፀ ሚስት ናት። ልጄን የኡኬ መንገድ ላይ መኪና ከወሰደብን በኋላ ቤቱን ያቆመችው በቅቤ ነው። ከጉቴ፣ ከጊዳ አያና፣ ከሌላም ቦታ ገበሬ ሴቶች ያመጡላታል፤ እሷ በጥፍሯ ጫፍ ወስዳ በእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፤ ታሸተዋለች፤ ካልጣማት ትመልሳለች። ነቀምቴ ቅቤ ተራ ውስጥ ደንበኞቿ ኮባውን ሳይፈቱ ይዘው የሚሄዱት የእሷን ነበር። ለአራስ፣ ለሙሽራ፣ ለበዓል፣ "ከሎሚ ኢቢሳ ግዙ" ይባላል።

አንድ ሆቴል፣ ምን እንደበላ የማናውቅ እንግዳ ታመመበትና ቅቤውን ከሰሰ። ናሙና ከሎሚ ብቻ ተወሰደ። ቅቤ ሳይሆን ፓልም ነው የሚለውን ውጤት ይዞ የመጣው በዚያን ጊዜ የቤተ ሙከራው ተራ መርማሪ የነበረው ጨመዳ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው እስከ አፉ ሞልቷል። ቅርጫቶቿን ገለበጡ። ኮባው ተፈታ፤ ቅቤው አፈር ላይ ተዘረገፈ፤ ማንም እንዳያነሳው ናፍጣ አፈሰሱበት።

"ኦቦ ጨመዳ፣ ደግመው ይዩልኝ" አለችው ሎሚ። "ከፈለጉ ከፊትዎ ሌላ ልስጥዎት። አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ።"

"ማሽን አይዋሽም፣ አዴ" አላት። "ማሽን ዘመድ የለውም።"

ሰው ሳቀ። አንዱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ፣ "ሎሚ፣ ላምሽን ነዳጅ ማደያ ነው እንዴ የምታሰማሪያት?" አለ። ያን ጊዜ ሜቲ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሳ ባዶ ቅርጫት ተሸክማ ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። ቤት እስክንደርስ አላለቀሰችም። ቤት ደርሳም አላለቀሰችም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ሎሚ ከዚያ ወዲህ ቅቤ ተራን አልረገጠችም። በየሰዉ ቤት ልብስ ታጥባለች። ለጸጉሯ ቅቤ አትቀባም፤ ወጥ በዘይት ትሠራለች። በዓመት በዓል ቀን ጎረቤት "ትንሽ ቅቤ አበድሩን" ብሎ ሲልክ እንኳ በሩን ትዘጋለች።

እኔስ? እኔ ጸሐይወርቅ በየእሁዱ ጧፍ ሳበራ የጨመዳን ስም እጠራ ነበር። ለምሕረት አልነበረም። የንስሐ አባቴ "ይቅር በይ" ይሉኛል፤ "እሺ አባቴ" እላለሁ፤ ከደጀ ሰላሙ ሳልወጣ ቂሙ ይመለስብኛል።

ሜቲ ኬሚስትሪ አጠናች። ሰው "ጎበዝ ልጅ" ይላታል። እኔ ግን ስታጠና አያታለሁ፤ መጽሐፉን የምትገልጠው የሰው ቤት በር እንደምትሰብር አድርጋ ነው። የእናቷን ቅቤ የመረመረው ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሲፈልግ አመለከተችና ተቀበሏት። ጨመዳ ያኔ የዚያ ኃላፊ ሆኗል። ሎሚ ገበያ ላይ የምትጠራው በአባቷ ስም ነው፤ ሜቲ መዝገብ ላይ ያለችው በልጄ በሠርፀ ስም ነው። ማን መሆኗን አላወቀም። ሥራዋን ወደዳት፤ "ኢንታላ ኮ" ይላታል፣ ልጄ ማለቱ ነው። እሷም ፈገግ ትልለታለች። ያን ፈገግታ ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም።

የጉቴውን ቅቤ በመረመረች ማግስት፣ "ዛሬውኑ ሄደሽ ፊቱ ላይ በይው!" አልኳት።

"ምን ብዬ?"

"የእናቴን ስም ያጠፋኸው በተሳሳተ ደቂቃ ነው ብለሽ!"

"'አላወቅንም ነበር' ይላል። 'አዲስ ማሽን ነበር፣ የዘይት ትእዛዝ ተጭኖበት ቀርቶ ነው' ይላል። ሁሉም ያዝንለታል። ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ፤ አለቀ። የድሮው ኮምፒዩተር ተቃጥሏል፤ የእማዬ መስመር የለም። አኮ፣ አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም?"

"ካላወቀስ?"

"ካላወቀ እማዬን ይዤ ቢሮው እገባና እንታረቃለን።"

"ካወቀስ?"

ሰፌዱን ወደ ጭኗ ሳበች። የሰፌዱን ምስር መልቀም ቀጠለች፤ ጠጠሯን ስታገኝ አንስታ በጣቶቿ መካከል ስትጨፈልቃት አየሁ። ጠጠር ግን አይጨፈለቅም።

አንድ ነገር ግን ታዝባ ነበር። ከእናቷ ጉዳይ ወዲህ ያ ቤተ ሙከራ ቅቤ መርምሮ አያውቅም። ማንም ቅቤ ቢያመጣ ጨመዳ "ወደ አዲስ አበባ ላኩት፣ የእኛ አይችልም" ይል ነበር። ዘይቱን ይመረምራል፣ ሌላውን ይመረምራል፤ ቅቤ ሲባል ብቻ እጁን ያነሳል።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ናሙና ወደ አዲስ አበባ መላክ አልተቻለም፤ የፋሲካ ገበያ ደግሞ ደርሷል። ከንግድ ቢሮ አቶ ሀብተጊዮርጊስ የሚባል ሰው፣ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ አባልም ነው፣ የሁሉም ነጋዴ ቅቤ እዚሁ ነቀምቴ ይመርመር ብሎ ድርቅ አለ። ጨመዳ እምቢ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከነጋዴዎቹ አንዷ የገዛ ሚስቱ ንጋት ነበረች፤ ሱቅ ከፍታ ቅቤና ቅመም ትሸጣለች።

ሜቲ ጠዋት ገብታ ማሽኑን ስትከፍት ትናንት ያልነበረ አዲስ ትእዛዝ ተጭኖ አገኘች። ስሙ "የቅቤ" ይላል። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያች ቀጭን ጉብታ በፊት ነው። ጨመዳ ብቻውን ገብቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ደቂቃውን አስተካክሎታል።

የዚያን ዕለት ለምሳ ቤት መጣች። መጥታ አታውቅም። ሎሚ ልብስ ልታጥብ ሄዳ ነበር።

"ያውቃል፣ አኮ" አለችኝ ደጃፉ ላይ ቆማ። "ሲያውቅ ነው የኖረው።"

አቀፍኳት። ትከሻዋ እንደ እንጨት ደርቋል።

"እንግዲህ?" አልኳት።

"እንግዲህማ ማሽን ዘመድ የለውም።"

የነጋዴዎቹን ቅቤ ሁሉ በአዲሱ ትእዛዝ መረመረች፤ ማንንም አልበደለችም። ናሙናው ያለ ስም በቁጥር ብቻ ቢመጣም፣ የንጋትን ግን ከሱቋ በያዘው የቅመም ሽታ ለይታ ሁለት ጊዜ መረመረችው፤ አንዴ በአዲሱ፣ አንዴ ደግሞ በድሮው በዘይቱ። ወረቀቶቹንም ለየብቻ አስቀመጠች።

የውጤቱ ስብሰባ ላይ የሆነውን ሜቲም ነግራኛለች፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስም ከቅዳሴ በኋላ ነግሮኛል፤ ሁለቱ አልተለያዩም። ጠረጴዛው ዙሪያ የቢሮ ሰዎች ተቀምጠዋል። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የተጻፈው ሀብተጊዮርጊስ ዘንድ ብቻ ነው። ሜቲ የሁሉንም "ንጹሕ ነው፣ ንጹሕ ነው" እያለች አነበበችና አንድ ወረቀት ቀራት።

"ይህኛው የላም ቅቤ ምልክት የለበትም" አለች።

"የለበትም?" አለ ሀብተጊዮርጊስ።

"የለበትም። ፓልም ሳይሆን አይቀርም።"

ሀብተጊዮርጊስ ቁጥሩን አየና ወደ ጨመዳ ዞረ። "ይቅርታ፣ ኦቦ ጨመዳ... የወይዘሮ ንጋት ነው።"

ጨመዳ ብድግ አለ። ወረቀቱን ከእጇ ነጠቀና አንዴ ብቻ ዓይኑን ጣለበት።

"ይሄ ስሕተት ነው! ቆጠራው ዘግይቶ ነው የጀመረው! በዘይቱ ነው የሠራሽው፣ አንቺ ልጅ! ቅቤ በዚህ አይመረመርም!"

"አይመረመርም እንዴ?" አለች ሜቲ።

"በጭራሽ! ቀድማ የምትወጣዋን ይበላታል! ሥልጠና ላይ በግልጽ ተነግሮናል፣ በዚህ ቅቤ አትንኩ ተብለናል!"

"የቱ ሥልጠና ላይ፣ ኦቦ ጨመዳ?"

"የአዲስ አበባው ነዋ! ማሽኑ በመጣ በዓመቱ ክረምት!"

"የሎሚ ኢቢሳ ቅቤ በተደፋበት በዚያው ዓመት ክረምት ማለትዎ ነው።"

ያኔ ነው ሰውየው አፉን የያዘው።

"ሎሚ ኢቢሳን በምን ነበር የመረመሯት?" አለች ሜቲ። "ቅዳሜ ደፉባት፤ ክረምት ላይ እንደተሳሳቱ አወቁ። ቤቷ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ለምን ሄደው አልነገሯትም?"

"አንቺን ምን አገባሽ? ምኗ ነሽ?"

"ቅርጫቷን ተሸክሜ አጠገቧ የቆምኩት ልጅ ነኝ።"

ሁለተኛውን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ይህ የወይዘሮ ንጋት ትክክለኛው ውጤት ነው። ቅቤዋ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም። እኔ ደግሜ አይቼላታለሁ።"

የዚያን ቀን ማታ ሜቲ ጠግባ ስትበላ አየኋት። ከልጅነቷ ጀምሮ ትሪ ላይ የምታስተርፍ ልጅ ጠርጋ በላች። እኔም ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም።

ንጋት በማግስቱ መጣች። በር ላይ ቆማ ሜቲን አየቻት። "ባሌ የሠራውን አላውቅም ነበር፤ እግዜር ያውቃል። የኔን ስም ግን ለምን መምቻ አደረግሽው? እኔ ምን በደልኩሽ?"

ሜቲ ቀላች። "ምንም አልበደልሽኝም። የተሰማሽን እናቴ እስከ ዛሬ ተሸክማዋለች፤ አንቺ ግን ሁለተኛዋ ወረቀት እስክትወጣ ነው" አለቻት። ንጋት ነጠላዋን ጎትታ ሄደች። ያቺ ሴትዮ እውነት እንዳላት አውቃለሁ። ቢሆንም አልጠራኋትም።

ጨመዳን ከኃላፊነቱ አነሱት። ለሎሚም ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣላት፤ "ቀድሞ የተሰጠው ውጤት ተሽሯል" ይላል። አንብቤላት አጥፌ ሰጠኋት። እሷም አልጋዋ ሥር አኖረችው። ወረቀት ገበያ አይወጣም፤ ቅቤ ተራ ውስጥ የሚያውቀው የለም። አሁንም ስታልፍ "ያቺ ፓልሟ" የሚላት አለ።

ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ኦቦ ሞረዳ ነው፤ ባሌ በሕይወት ሳለ ወዳጁ ነበር፤ እምቢ የማይባል ሰው ነው። በወጉ መሠረት በር ላይ ቆሙ፤ ነገሩ እሺ ካልተባለ አይቀመጡም።

"አካም ጅርቱ፣ እትዬ ጸሐይወርቅ። ለእርቅ ነው የመጣነው። እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም።"

"እንግዲያው ቁሙ" አልኩት።

"ኧረ እትዬ! ጉልበቴን አታውቂውም?"

"አውቀዋለሁ። ከኔ ጉልበት ታናሽ ነው፣ ይችላል።"

ከኋላው ያሉት ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ወደ ሎሚ ዞረ። ሎሚ ጥግ ላይ ቆማ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች።

"አዴ ሎሚ፣ ሰውየው ተጸጽቷል፤ ደም ብዛትም ይዞታል። ካሳ እከፍላለሁ ብሏል። በሬ ንዱልኝ ብትይም ይነዳል። ምን ትያለሽ?"

ሎሚ ስለዚህ ነገር ለሰው ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ልብሱን ማጠፍ ሳታቆም ተናገረች።

"ካሳ አልፈልግም። ቅቤዬ የፈሰሰው ሰው ፊት ነው። ቅዳሜ ይምጣና እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ፣ 'ማሽኑን ዓይኑን ያስጨፈንኩት እኔ ነኝ፤ አውቄም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ' ይበል። ሌላ ምንም አልልም።"

ሞረዳ ራሱን አከከ። "ይሄማ ከበሬም ከበደ። ሹም የነበረ ሰው ነው፤ ልጆች አሉት። ገበያ መሃል ቁም ማለት ራቁትህን ሁን ማለት ነው እኮ።"

"እኔስ ያን ቀን ለብሼ ነበር እንዴ?" አለች ሎሚ።

ሜቲ ከመጋረጃው ኋላ ሆና እናቷን ታያት ነበር። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ዩኒፎርም ለብሳ ከቆመችበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ። ጨመዳ እምቢ ብሏል፤ የፈለጋችሁትን ልስጥ፣ ገበያ ግን አልቆምም ይላል። ሌላ ሽማግሌ እንደሚልክም ሰምቻለሁ፤ ከጉቴም ከኡኬም ሰው እያፈላለገ ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ የነቀምቴና የአካባቢዋ ሰዎች፣ ጨመዳ ከእናንተ አንዳችሁን ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ ሊለምናችሁ ይችላል። እሺ በሉት፤ አታሳፍሩት። ነገር ግን ለብቻችሁ አትምጡብኝ። ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣ እሱን መሃል አድርጋችሁ በቅቤ ተራ በኩል አሳልፉት፤ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ ይናገር። ከዚያ ወዲያ ኑ፤ ወንበር አወጣላችኋለሁ። እስከዚያ ግን እባካችሁ፣ በሬን አታንኳኩ።